ቪትዟ ቁልቢ ትደርሳለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ2004 ሞዴል አውቶማቲክ ቪትዝ አለችኝ። ዘንድሮ ለታኅሣሥ 19 እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ቁልቢ ገብርኤል ለመሄድ አስቤያለሁ። መኪናዋ ከከተማ ወጥታ አታውቅም፣ ከአያት ሜክሲኮ ነው የምመላለስባት። መካኒኬ «ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ዘይት ቀይሪና ሂጂ» ብሎኛል። ይበቃል?
ከአያት

መልስ፦ እህቴ፣ አይበቃም። መካኒክሽ ዋሽቶሻል ማለቴ አይደለም፣ ሞተሯ በእርግጥም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የምትነዳ መኪና ድካሟ አይታወቅም። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ፍጥነቱ ትንሽ ነው፣ ብትቆምብሽም መካኒኩ ታክሲ ይዞ ይደርስልሻል። የቁልቢ መንገድ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ መተሐራና አዋሽ ላይ ከ1,000 ሜትር በታች ያወርድሽና፣ ከሚኤሶ በኋላ መልሶ ወደ ጭሮና ሂርና ተራሮች ያወጣሻል። መጀመሪያ የቆላ ሙቀት፣ ቀጥሎ ዳገት፣ ያውም አራት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖ። ስለዚህ ከዘይቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውሃው፣ ፍሬኑና ጎማው ነው። የጎማውን ነገር ከታች ለሳሪሱ ጠያቂ የሰጠሁትን መልስ እዪ።

ከራዲያተሩ ጀምሪ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ክፈቺና ውስጡን እዪ። ውሃው የዛገ ቀለም ካለው ወይም ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ጉዞውን አቁሚና ጋራዥ ግቢ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነም ይታጠብና ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ይሞላበት። ከዚያ ክዳኑን ገልብጪው። ሥሩ ላይ ያለው ላስቲክ ተሰነጣጥቋል ወይ ደርቋል? ስትጫኚው ስፕሪንጉ ይመለሳል? ብዙ ሰው ይህን ክዳን እንደ ተራ ክዳን ያየዋል፣ ሥራው ግን ትልቅ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተርሽ በደህናው ቀን የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ካለቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል። የጭሮን ዳገት ስትወጪ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከፍታው በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን በጣም የሚደክመው ያኔ ነው። ክዳን መቀየር ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከማስጠገን ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። አዲስ ስትገዢ አናቱ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር፣ 0.9 ወይም 1.1፣ ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጪ።

አንድ ነገር መካኒክሽን ጠይቂልኝ፤ ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ፣ ቦታው ላይ አለ? መኪና ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እኛ ጋ የተለመደ ነው። ይሄ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ፋኑ ሲሞቅ በራሱ መነሳቱን፣ ጎማ ቱቦዎቹ ሲጨመቁ አለመሰንጠቃቸውን፣ ዲናሞውንና የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋ አለመላጡንም አብሮ ይይልሽ።

ቪትዝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት መርፌ የለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቀይ መብራት ይበራል፣ በቃ። ቀዩ ከበራ «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» የሚባል ነገር የለም። ኤሲውን አጥፊ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺው፣ ጥግ ይዘሽ ቁሚና ሞተሩን አጥፊው። ልጆቹን ከመንገዱ አርቀሽ አስወርጂ። ክዳኑን ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ እንዳትነኪው፣ የፈላው ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈሺም፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

ፍሬኑ ላይ ሸራው፣ ስትረግጪ እየተፋተገ የሚያልቀው ክፍል፣ ይታይ። ዘይቱም ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ይቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም፣ እርጥበት የጠገበው ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠሽ ብቻ ከወረድሽ እዚያ ሙቀት ላይ መድረስ አይከብድም። ሲፈላ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ ፍሬን የለሽም ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «2» አውርጂው፣ ቁልቁለቱ በጣም ሲበረታ «ኤል»፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝሽ።

ይህን ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጨርሺ። በጉዞው ዋዜማ መኪና ማስፈታት በጣም መጥፎ ልማድ ነው፣ ያልጠበቀ ቡሎን ወይም የሚያንጠባጥብ ቱቦ የሚታወቀው ከተነዳ በኋላ ነው። ጥገናው ሲያልቅ አንድ እሑድ በፈጣን መንገዱ አዳማ ደርሰሽ ተመለሺ። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትሄጂ መሪው 90 እና 100 ላይ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አስተውዪ፣ ከተንቀጠቀጠ ባላንስ ይፈልጋል። ስትመለሺ መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ቀዩ የሙቀት መብራት ይበራ እንደሆነ ያኔ ታያለሽ። ቤት ስትደርሺ ሥሯ ካርቶን አንጥፈሽ አሳድሪያት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ቀለሙን ለመካኒኩ አሳዪው፣ ከየት እንደመጣ ይነግርሻል።

ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ)፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን መሥራታቸውን አረጋግጪ። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን አንድ ቦታ ይቀመጡ። በማታ ግን አትንጂ። እስከ አዋሽ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች አብረውሽ ናቸው፣ ከመተሐራ ጀምሮ ደግሞ ግመልና ከብት መንገድ ይሻገራል። ከመነሳትሽ በፊትም ሰሞኑን በዚያ የተመላለሰ ሹፌር ፈልገሽ ስለ መንገዱ ጸጥታ ጠይቂ። በዓሉ ሲቃረብ መንገዱ በመኪናም በእግረኛ ምእመንም ስለሚሞላ ወደ ቁልቢ ስትቃረቢ በእርምጃ ነው የምትሄጂው፣ ከቻልሽ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ግቢ። እናትሽም ያርፋሉ።

ጥያቄ፦ ጎማዎቼ ጥርሳቸው ገና አላለቀም። ጎሚስታው ግን «አርጅተዋል፣ ለሩቅ መንገድ አይሆኑም» አለኝ። ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው ወይስ እውነቱን ነው?
ከሳሪስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ራስህ ታውቀዋለህ። የጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። ለምሳሌ 2316 ከሆነ በ2016፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ካጣኸው በውስጠኛው ጎን ፈልገው። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፣ በተለይ ፀሐይ ላይ። አሥር ዓመት የሞላውን ጎማ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር ይዘኸው እንዳትወጣ። ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ በባለሙያ ይታይ፣ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካየህበት ቀይረው። ስኮርታውንም እንዳትረሳው፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ያረጀው እሱ ነው።

ንፋሱን የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አስተካክል፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ። ቆላ ደርሰህ ስታስለካ ጨምሮ ብታገኘው አታስተንፍሰው። ሙቀቱ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጎማ የሚፈነዳው ንፋስ ስለበዛበት ነው የሚል አለ፣ እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ንፋስ ያነሰውን ነው። ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል፣ በዚያ ላይ ጭነትና ፍጥነት ሲጨመር ይተረተራል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። በድሮ ኮሮላዬ ድሬዳዋ ልጄ ጋ ልሄድ ነው። መንገድ ላይ ቤንዚን እንዳላጣ 20 ሊትር በጀሪካን ከኋላ የሻንጣ መጫኛው ውስጥ ብይዝስ?
ከጉለሌ

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ ይህን አያድርጉ። ቤንዚን ከፕላስቲክ ጀሪካን ይተናል፣ በቆላው ሙቀት ጀሪካኑ ይነፋል፣ ጋዙ በወንበሩ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ከኋላ አንድ መኪና ቢገጭዎት ምን እንደሚከተል ያውቁታል። ደግሞም አያስፈልግዎትም። የእርስዎ ኮሮላ 50 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ትሄዳለች ብንል እንኳ 550 ይሆናል፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከ500 ብዙም አትርቅም። ሞልተው ይውጡ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ባገኙት ማደያ ይሙሉ። ሰልፍ ስለሚኖር አዋሽ ላይ ካገኙ ጭሮን አይጠብቁ።