ስለ ሮርሻክ ካርዶች ለጀማሪ ሳይኮሎጂስቶች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

የሮርሻክን 10 ካርዶች፣ ማለትም ሰው ምን እንደሚያይባቸው የሚጠየቅባቸውን የቀለም ጠብታ ሥዕሎች፣ ስትማሩ መጀመሪያ የሚያስጨንቃችሁ ነጥብ አሰጣጡ ነው። ይገባኛል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ስላለው ሥራ ልንገራችሁ፦ ሰው ያለውን ሁሉ፣ እንዳለው መጻፍ።

ወጣት ሳለሁ አንዲት ሴት ቦርደርላይን የሚባለው የስብዕና ችግር ይኖርባት ይሆን ተብላ ወደ እኔ ተላከች። ካርዱን አየችና «ሁለት መላእክት፤ ደስ ሲሉ!» አለች። ትንሽ ቆይታ ፊቷ ተለወጠ። «አይ፣ ሰይጣኖች ናቸው።» እኔ የመጨረሻውን ብቻ ጻፍኩ። ስህተቷን ያረመች መስሎኝ ነበር። ለካ ትልቁ ፍንጭ ያ መገልበጥ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ስፕሊቲንግ ይባላል፤ አእምሮ ራሱን ከከባድ ስሜት የሚጠብቅበት መከላከያ ነው። ደግነትንና ክፋትን በአንድ ሰው ላይ አብሮ ማየት ሲከብድ፣ ሁለቱን ለያይቶ መያዝ ነው። የሥነ ልቦና ተንታኙ ኦቶ ከርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ቦርደርላይን ሲጽፍ ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል። በ1980 ደግሞ ሳይኮሎጂስቶቹ ፖል ለርነርና ሃዋርድ ለርነር መከላከያዎችን ከሮርሻክ ለማንበብ መለኪያ አወጡ። ያተኮሩት ሰው በታየባቸው መልሶች ላይ ነው። ሰውን ከልክ በላይ ማግነን፣ ማጣጣል፣ መካድም እዚያው ይታያሉ።

ስለ እናንተ የሚባለውንም ጻፉ። ሲገባ «እንደ እርስዎ የሚረዳኝ አላገኘሁም» ያለ ሰው፣ ከሦስት ካርድ በኋላ «ይሄ የማይረባ ፈተና ነው» ሊል ይችላል። አትቀየሙት። ያም መልስ ነው።

ግን አደራ፣ በአንድ መልስ ማንንም አትፈርጁ። የደከመ ወይም ያዘነ ሰውም እንዲህ ሊመልስ ይችላል። ቃለ መጠይቁና የሕይወት ታሪኩ አብረው ይታዩ። በፈተናው ላይ የቀረበውን ትችትም ሳትከላከሉ አንብቡ።

ሪፖርት ስትጽፉ «ተንኮለኛ ናት» የሚል ቃል አይውጣችሁ። የታካሚዎች ታሪክ ሁሉ አንድ አይደለም። ሆኖም የሚያባብለውና የሚመታው እጅ አንድ የሆነበት ልጅ፣ ደጉን እንዳያጣ ክፉውን ለይቶ ቢያስቀምጥ ምን ይደንቃል? «ስፕሊቲንግ ትጠቀማለች» ብቻ ብላችሁም አትለፉ። ለሚያክማት ባልደረባችሁ እንዲህ ብትጽፉለት ይሻላል፦ «የምትቀርበው ሰው ሲያሳዝናት፣ የቀድሞ ደግነቱን ለማስታወስ የምትቸገር ይመስላል። አንተ ቀጠሮ ስትሰርዝ ወይም እረፍት ስትወጣ አስቀድመህ ንገራት፤ ስትመለስም ስለ ቁጣዋ በእርጋታ አነጋግራት።»