መልስ፦ ባለታሪኳ በሦስት ሳምንት ትድናለች ወይ?

ሰላም እህቴ። በልብ ወለድ ረቂቅሽ የ16 ዓመቷ የሐዋሳ ተማሪ ተደፍራ፣ በሦስት ሳምንት ለእናቷ ተናግራና አልቅሳ ይወጣላታል፤ «ያሳምናል ወይ?» ብለሻል። አያሳምንም፤ መጀመሪያ የቀን ቆጠራው ራሱ አይገጥምም።

በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ከደረሰች የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ትጀምራለች፤ ለ28 ቀን በየቀኑ ይዋጣል። አንቺ «ዳነች» ባልሽበት ቀን ገና የአንድ ሳምንት ክኒን ይቀራታል! ማቅለሽለሹን ተጠቀሚበት፦ እናት ክኒኑን ከመሶቡ ኋላ ስትደብቅ፣ ልጅቷ ቁርሷን ገፋ ስታደርግ። የደም ምርመራውም ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ውጤቱን መጠበቁ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ልብሷን በፌስታል ማስያዝሽንም አርሚው። ፌስታል እርጥበት አፍኖ ማስረጃ ያበላሻል፤ የወረቀት ከረጢት አድርጊው።

የአክስትየዋ «ለምን አልጮህሽም?» ማለት ለታሪኩ ጥሩ ነው፤ ግን ዝም ብለሽ አትለፊው። በድንጋጤ ሰውነት ድርቅ ይላል፣ ድምፅ እምቢ ይላል። ትዝታውም ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፦ ሰዓቱ ይጠፋባትና የባጃጁ ወንበር ሽታ ይቀራል። ደህና ሆና ከርማ፣ ከወራት በኋላ ያው ሽታ ሲመጣባት ፒያሳ ሳትደርስ «ወራጅ አለ» ብላ በእግሯ ትሂድ።

የሚያድናትን ፍቅረኛ ከታሪኩ አውጪው (ይቅርታ፣ ግን ፍቅረኛ መድኃኒት አይደለም)። ሽማግሌዎቹ ግን ይቆዩ። «በእርቅ እንጨርሰው» ሲሉ አባትየው ማመንታቱ ከምዕራፎችሽ ሁሉ የበለጠ እውነት ያለው እሱ ነው፤ አስረዝሚው።