በሽማግሌ መቀለድ ነውር ነው ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ልጅ

በትርፍ ሰዓቱ አስቂኝ ቪዲዮ እየሠራ ኢንተርኔት ላይ የሚለቅ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ሰሞኑን "በሽማግሌ መቀለድ ነውር ነው እንዴ?" አለኝ። ለምን እኔን እንደጠየቀ ገብቶኛል፤ በክፍሉ ውስጥ ሽማግሌው እኔ ነኝ። "ኧረ ምን ነውር አለው" ብዬው አለፍኩ። መልሴ ግን ጎደሎ ነበር። ቀሪውን ለእሱም ለእኩዮቹም ልጻፈው።

ሥራ ስጀምር ሒሳብ ክፍል ውስጥ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በቁጥር እንደሳቸው ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ድምር አልገጥም ብሎን ስንጨነቅ መጥተው ልዩነቱን ብቻ ይጠይቁናል። "27" ካልናቸው ትንሽ ያስቡና "ለ9 ይካፈላል፣ እንግዲህ አንዳችሁ ሁለት አኃዝ አቀያይራችኋል፣ 63 የነበረውን 36 ያለ ሰው ፈልጉ" ይሉናል። ሁሌ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ እናገኘዋለን። (ይህቺን ዘዴ ዛሬ ለወጣቶቹ ሳስተምር "ኮምፒውተሩ ይሠራው የለ?" ይሉኛል። ይሠራዋል። እናንተ ቁጥሩን ገልብጣችሁ ካስገባችሁለት ግን የተገለበጠውን ነው የሚደምርላችሁ።)

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ፣ ኢሜይልም ተከተለ። ጋሼ በአንድ ጣት ነበር የሚጽፉት፤ እያንዳንዱን ፊደል ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ። እኛ ወጣቶቹ "ጋሼ ኮምፒውተር ሲከፍቱ" የሚል ቀልድ ጀመርን። አንዱ አንድ መስመር ይጽፍና ለሌላው ይልካል፣ ያኛው ደግሞ ይጨምርበታል። መጀመሪያ ያንኳኳሉ። ከዚያ "ቤቶች!" ይላሉ። "ይግቡ" እስኪባሉ ቆመው ይጠብቃሉ። እናንተ ሚም የምትሉት ነገር መሆኑ ነው፣ የጎደለው ፎቶ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ አንዱ ተሳስቶ ለመላው ክፍል ላከው። ለጋሼም ደረሳቸው። እኛ በድንጋጤ ላብ በላብ ሆንን። ከሰዓት በኋላ ከእሳቸው መልስ መጣ፣ ለሁላችንም የተላከ፣ በዚያች አንድ ጣት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እግዜር ይወቀው፦ "ቤቶች ብዬ ገባሁ። ውስጥ የእናንተን የተሳሳተ ድምር አገኘሁ። አስተካክዬ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።"

እኛ ከጻፍነው ሁሉ ይበልጥ ነበር። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው እንኳ አልመለሰላቸውም። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ሥራ የበዛብን መሰልን። ከመካከላችን "ይቅርታ እንጠይቃቸው" የሚልም ነበር። ይቅርታውን ምን ያደርጉታል? ሰውዬው ገብተው ተጫወቱ፣ እኛ ደግሞ እሳቸው ሲገቡ ጨዋታውን አቆምነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ በኢሜይል ከሥራ ጉዳይ ውጭ ምንም ሲጽፉ አላየሁም። አንዲት መስመር ልኬላቸው ቢሆን ኖሮ ምን ብለው ይመልሱልኝ ነበር እያልኩ ዛሬም እገምታለሁ። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

ስለዚህ በእኛ መቀለዳችሁ አይደለም የሚያናድደኝ። መልስ የምንሰጥ ሰዎች መሆናችንን ትረሱታላችሁ። ያንን ሕመሙን ደብቆ ፈገግ የሚል ነጭ ፀጉር ሽማግሌ በሚም አይታችሁት ይሆናል፤ ሃሮልድ ትሉታላችሁ። እኚህ ሰው አንድራስ አራቶ የሚባሉ የሃንጋሪ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናቸው። ለንግድ የተነሱት ፎቶ መቀለጃ መሆኑን ያወቁት እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ ወዲያ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) የራሳቸውን ምስል ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ነው። መጀመሪያ ደስ አላላቸውም። ቆይተው ግን ራሳቸው ሃሮልድ ነኝ ብለው ወጡ፣ መድረክ ላይ ቆመው ታሪኩን ተረኩት። ፊታቸው ያው ፊት ነው፣ አሁን ግን ከሳቂዎቹ አንዱ ናቸው።

"ኦኬ ቡመር" የሚለውንም ("እሺ፣ ሽማግሌው" እንደ ማለት ነው) አልጠላሁትም ነበር። በ2019 የኒውዚላንድ የፓርላማ አባል ክሎይ ስዋርብሪክ፣ ያኔ የ25 ዓመት ልጅ፣ ስለ አየር ንብረት ስትናገር ላቋረጣት ሰው ነው የመለሰችው። ጎበዝ ብያለሁ። በኋላ ግን አፍ ማዘጊያ ሆነ። ሰው ክርክር ሲያቅተው ይወረውረዋል። ለነገሩ ቡመር የሚባለው ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ነው፣ ድረ ገጽን የፈጠሩት ቲም በርነርስ ሊ ደግሞ የ1955 ልጅ ናቸው። በነጥብና በቅንፍ የምትሠራዋን ፈገግታ ቀልድን ከቁምነገር መለያ ትሁን ብለው በ1982 ያቀረቡት ስኮት ፋልማንም የዚያው ትውልድ ናቸው። እና ኢንተርኔት አይገባቸውም ትሉናላችሁ!

ቀልድ ያልሆነም አለ። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ስለ አረጋውያን የተከፈቱ 84 የፌስቡክ ግሩፖችን ፈትሾ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም አሉታዊ ሆነው አግኝቷቸዋል። ከሲሶ በላዩ መኪና እንዳይነዱ፣ ገበያ እንዳይወጡ ይከልከሉ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ምኑ ያስቃል?

ታላቅን አክብሩ እያልኩ አላደክማችሁም፣ ሰልችቷችኋል። እናታችሁ የይለፍ ቃል ጠፍቷት ስትደናበር ደብቃችሁ ቀርጻችሁ ከሆነ ግን፣ ከመልቀቃችሁ በፊት አሳዩዋት። ከሳቀችም ስልኩን ስጧትና እሷም እናንተን ትቅረጽ፤ ቁርስ ሰዓት ላይ ፀጉራችሁ ቆሞ።

እኔስ? ከእኩዮቼ ጋር የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ ቀኑን ሙሉ የምንስቀው በእናንተ ነው። ስልክ ሲደወልላችሁ ቦምብ እንደተወረወረባችሁ ደንግጣችሁ የምታዩት ነገር ብቻውን ስንት ቀን አስቆናል። ከእናንተ አንድም ሰው ግሩፑ ውስጥ የለም። አስገቡን ብትሉንም ለጊዜው አናስገባችሁም።