ዝንብ አዳኙ ወፍ ዝንቦቹን ከምን አዳናቸው?

ከሐረር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽ መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ቀጥሎ በፊደላችን አናደደኝ። ግቢያችሁ ያለው ዘይቱን ዛፍ ላይ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም ትንሽ ወፍ ይመጣል። ልጅሽ ከትምህርት ቤት «ዝንብ አዳኝ» የሚል ስም ይዛለት መጣች። ከዚያ «እማዬ፣ ዝንቦቹን ከምን ያድናቸዋል?» አለችሽ። ስሙ ልክ ነው ወይ ብለሽኛል።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። አዳኝ ሲጻፍ አንድ፣ ሲነበብ ሁለት ነው። «ዳ» ከጠበቀች «አደነ» ነው፣ አውሬ የሚያድነው። ከላላች «አዳነ» ነው፣ ከሞት የሚያድነው። ፊደሉ ይህን አያሳይም፤ አንባቢ ይወቀው ብሎ ዝም ነው።

ዝንብ ራሱ የሩቅ ዘመድ ያለው ቃል ነው። ዐረብኛው ዙባብ ይለዋል፤ እናንተ ጋ ቁርኣን የቀራ ሰው ከሱረቱል ሐጅ ያውቀዋል። ዕብራይስጡ ዝቡብ ነው፤ የአቃሮኑ ጣዖት ብዔል ዜቡብ፣ «የዝንብ ጌታ»፣ ከዚሁ ነው። እኛ ጋ ከሁለቱ «በ» አንዷ «ነ» ሆነች። ይሄ ለጥያቄሽ ምን ይጠቅማል? ምንም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ላቲኑ ዝንብ አዳኝን ሙሲካፓ ሲል ሙስካ ዝንብ፣ ካፔሬ መያዝ ነው። አደን የሚባል ነገር የለበትም። ወፉም ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የምትበር ነገር ስታልፍ ብድግ ብሎ አየር ላይ ቀለብ ያደርጋትና ብዙ ጊዜ እዚያው ይመለሳል። ልክ ኳስ እንደምንቀልበው። ስለዚህ ለእኔ «ዝንብ ቀላቢ» ነው! «ነፍሳት በል» ይበቃል የሚሉም አሉ። አይበቃም፤ ምስጥ ለቅሞ የሚበላውም ነፍሳት በል ነው፣ አያያዙ የታለ?

አሁን አንቺ የሐረር ሰው ስለሆንሽ ትስቂብኛለሽ። ማታ ማታ ከጀጎል ውጭ ጅብ የሚያበላውም ሰው ቀላቢ ነውና ልጅሽ ደግሞ «ዝንቦቹን ምን ያበላቸዋል?» ልትልሽ ነው። ይባስ ብሎ አዳኝን መጥበቅና መላላት ይለየዋል፤ ቀላቢ ላይ ግን «ላ» በሁለቱም ፍቺ ትጠብቃለች። ማስረጃው ከእኔ ጋር አይደለም፣ እሺ። አዳኝ የሚለውም እየተለመደ ነው፣ ይሁን። እኔ ግን ቀላቢ እላለሁ፤ ወፉን ሳየው ሌላ ቃል አይመጣልኝም።

ልጅሽ ፈተና ላይ አዳኝ ብላ ትጻፍ። ጮክ ብላ ስታነብ ግን «ዳ»ን ጠበቅ ታድርጋት።