አይሪሽ ቋንቋ የሚጠየቁ መምህራን፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች በሌላ አገር ሠልጥነው አየርላንድ ውስጥ ማስተማር ከሚፈልጉ አንባቢዎች የመጡ ናቸው።

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ አይሪሽ ግዴታዬ ነው?

አይደለም፤ ትምህርቱ በአይሪሽ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ካልተቀጠሩ በቀር።

አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ጎረቤቶቻቸው እንኳ የማይናገሩትን ቋንቋ እሳቸው እንዲማሩ መገደዳቸው መድልዎ እንደሆነ ጽፈዋል።

እህቴ፣ ድካምዎ ይገባኛል፤ መድልዎ ነው በሚለው ግን አልስማማም። በአየርላንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር አንድ ክፍል ይዞ ሁሉንም ትምህርት ራሱ ያስተምራል፤ አይሪሽም እንደ ሒሳቡ ከመደበኛዎቹ ትምህርቶች አንዱ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማያውቅ መምህር ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ሊረከብ አይችልም። የአገሩ ተወላጅም ቢሆን በአይሪሽ በቂ ውጤት ካላመጣ ለዚህ ሙያ ሥልጠና አይገባም። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሷል፦ ግሮነር የተባሉ ሆላንዳዊት የሥነ ጥበብ መምህርት በአይሪሽ ፈተና ምክንያት በደብሊን ኮሌጅ ቋሚ ሥራ ስለተከለከሉ ተከራክረው፣ ፍርድ ቤቱ በ1989 እ.ኤ.አ. መመዘኛው ቋንቋውን የማሳደግ ፖሊሲ አካል እስከሆነና ከመጠን እስካላለፈ ድረስ የተፈቀደ ነው ብሏል።

በሩም አልተዘጋብዎትም። ቲቺንግ ካውንስል የሚባለው የመምህራን መዝጋቢ ምክር ቤት የትምህርት ማስረጃዎን ከተቀበለ፣ ቋንቋውን በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲያሟሉ በቅድመ ሁኔታ ሊመዘግብዎት ይችላል፤ እስከዚያው እያስተማሩ መማር ይቻላል። ሆኖም ማስረጃዎ ተቀባይነት ማግኘቱን ከምክር ቤቱ በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ሥራ እንዳይለቁ፣ ለኮርስም ገንዘብ እንዳይከፍሉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በዚህ ላይ የወዳጅ ምክር አይበቃም፤ የእኔም ጭምር።

በስልክ መተግበሪያ ብቻ ተምሬ ፈተናውን ማለፍ እችላለሁ?

አይመስለኝም። ፈተናው መናገርንና ማዳመጥንም ይጨምራል፤ ስልክ ደግሞ ሲሳሳቱ ፊትዎን አይቶ አያርምዎትም። አይሪሽ በሚነገርባቸው፣ ጌልታክት በሚባሉ እንደ ኮነማራና ዶኒጎል ባሉ አካባቢዎች ከሰው ጋር መክረምን የሚተካ የለም። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚከብደው የቃሉ መነሻ መለወጡ ነው፦ ጀልባ «ባድ» ይባላል፤ «ጀልባዬ» ለማለት ግን «ሞ ዋድ» ይላሉ። እኛ የቃሉን መጨረሻ ስንለውጥ እነሱ መጀመሪያውን ይለውጣሉ። ግሡ ዐረፍተ ነገሩን ሲጀምር ግን ግእዝ የቀመሰ ሰው ብዙም አይደናገርም። ሰላምታቸውም ለእኛ ጆሮ ቅርብ ነው፦ «ዲያ ግዊት» ሲሉ እግዚአብሔርን ጠርተው ነው፤ መልሱ ማርያምን ይጨምራል። ከሁሉ በፊት ግን «አን ዊል ካድ አጉም ዱል ጎ ጂ አን ሌህረስ» የሚለውን ይያዙ። አንድ ሕፃን እጁን አውጥቶ፣ እግሩን እያቆላለፈ ይህን ሲልዎት ሽንት ቤት ልሂድ ማለቱ ነውና መዝገበ ቃላት የሚያገላብጡበት ጊዜ የለዎትም።

ልጄ በ13 ዓመቱ ስለመጣ ከአይሪሽ ትምህርት ነጻ ተደርጓል፤ እኔስ?

ፈቃዱ ለተማሪ ነው፤ ለመምህር አይሠራም።