«ይህ እጅ የማን ነው?» ከስትሮክ የተረፉ ወላጆቻቸውን ለሚያስታምሙ ወጣቶች

ልጆቼ፣

አባት ወይም እናት ስትሮክ መቷቸው ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ከቤተሰቡ አፍ የማይጠፋው ጥያቄ «መቼ ይራመዳሉ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ታማሚው ግን በልቡ የሚያብሰለስለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ይህ እጅ የማን ነው? ፊቴ ምን ሆነ? ሰው ፊት እንዴት እበላለሁ? ይህን አውጥቶ የሚናገር ጥቂት ነው፤ የሚጠይቃቸው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ለብዙ ዓመታት በፊዚዮቴራፒ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሊነግራችሁ የሚገባው ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሰውየው ስለ ገዛ አካሉ የሚሰማውን ሳትሰሙ የምታሠሩት ስፖርት ብዙ አይዘልቅም።

ከክብደቱ እንጀምር። «እጄ ከበደኝ» ሲሉ ምሬት አይምሰላችሁ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ክንዱ ከነእጁ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ጤነኛ ሰው ይህ የማይታወቀው የትከሻ ጡንቻዎች ሌት ተቀን ስለሚሸከሙለት ነው። ጡንቻዎቹ ሲዝሉ ክንዱ ወደ ታች ይጎተታል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ከትከሻው አጥንት ጫፍ በታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት በእጅ ዳሰሳ ሊታወቅ ይችላል። ስለዚህ ሰውየውን በደከመው እጁ ስባችሁ አታስነሱ፣ ብብቱ ሥር ገብታችሁም አታንሱት። ወጌሻ ጠርታችሁ «ወልቋል» አስብላችሁ አታስጎትቱት፤ የላላውን ትከሻ መሳብ በዙሪያው ያለውን ጅማት ይጎዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም ለወራት ልምምድ ሊያስቆም ይችላል። ሲቀመጡ ክንዳቸው ከፊታቸው ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ጭናቸው መሃል ወድቆ አይቅር።

ለማነሣት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ፈልጉ፤ ቀላሉ የፕላስቲክ ወንበር ይሸሻል። ሁለቱም እግሮች ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይግቡ፣ መቀመጫቸው ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይቅረብ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣቶቻቸው በላይ እስኪሆን ወደ ፊት ያጎንብሱ፣ ከዚያ ይነሡ። እናንተ በደከመው ጎን ቁሙ፣ አንድ እጃችሁ ወገባቸው ላይ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ማድረግ ጥሩ ጅምር ነው። ከመንካታችሁ በፊት «ልያዝዎት?» በሉ። ይህች ጥያቄ ጊዜ አትፈጅም፤ አካላቸው የራሳቸው መሆኑን ግን ታስታውሳቸዋለች።

ብዙ ቤተሰብ የሚደናገርበት ሌላም ነገር አለ። ጉዳቱ በቀኝ የአንጎል ክፍል ሲሆን የሚደክመው ግራ ጎን ነው፤ በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሰው ግራውን ጭራሽ ይረሳዋል። ከገበታው የቀኙን ግማሽ ብቻ በልቶ «ጨረስኩ» ይላል። ጺሙን ሲላጭ ግራ ጉንጩ እንዳለ ይቀራል። በር ሲያልፍ ግራ ትከሻው ይጋጫል። ጥቂቶች እጃቸውን እያዩ «የእኔ አይደለም» እስከ ማለት ይደርሳሉ። እልህ አይደለም፣ እብደትም አይደለም፣ መጋኛም አይደለም፤ ስለ ግራው ወሬ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ተጎድቶ ነው። ስለዚህ አትከራከሩ። ሳህኑን ከማዞራችሁ በፊት «ወደ ግራ ይመልከቱ፣ የቀረ አለ» በሉና ራሳቸው እንዲያገኙት ጠብቁ። በጠረጴዛው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፉ፤ ቀዩን እስኪያዩ አንገታቸውን ያዙሩ። በቀኝ እጃቸው ግራ ክንዳቸውን ከትከሻ እስከ ጣት በሻካራ ፎጣ፣ ቀጥሎም በለስላሳ ጨርቅ እያዩ ያሹት። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከሆኑ ግራ እጃቸው ጎማው ውስጥ አለመግባቱን በየጊዜው እዩ። ስሜት የጠፋበት እጅ ሳያውቅ ይቃጠላል፤ የገላ ውሃን ሙቀት ሁልጊዜ በደህነኛው እጅ ይለኩ፣ የከሰል ምድጃና ትኩስ ሲኒ በደከመው ጎን አይቀመጥ።

ቀኝ እጅ ሲመታ ሐዘኑ ገበታ ላይ ይወጣል። በእኛ ባህል በግራ መብላት ነውር ነው፤ ቀኛቸውን ያጡ ብዙ ሰዎች «አልራበኝም» እያሉ ከሰው ጋር መብላት ያቆማሉ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በግልጽ «በግራዎ ይብሉ፣ እኛ ቅር አይለንም» ይበላቸው። እንጀራውን ከወጡ ጋር ጠቅልላችሁ ሁለት ጣት በሚያህል ርዝመት ቁረጡላቸው፣ ጠርዝ ባለው ሳህን አቅርቡ፣ ከሥሩ እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ቀኝ እጃቸው ከጠረጴዛው በታች አይደበቅ፤ የሳህኑን ጠርዝ ይደግፉበት። ሳይጠይቁ ማጉረስ ለእነሱ ፍቅር ሳይሆን ሕፃን የመሆን ስሜት ሊሰጥ ይችላል። ፊት ሲጣመም ምግብ በደከመው ጉንጭ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሲጨርሱ በምላሳቸው እንዲጠርጉት አስታውሷቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፣ ከበሉ በኋላም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይተኙ። ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው እንደ ረጠበ የሚሆን ከሆነ ትንታው ሳንባ ሊጎዳ ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ።

ልብስ ሲለብሱ የደከመው እጅ መጀመሪያ ይግባ፤ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ። ሸሚዝ ለመልበስ 20 ደቂቃ ቢፈጅባቸው አትንጠቋቸው፤ እሱም ልምምድ ነው። ገላ ሲታጠቡ ያልደረሳችሁበት የአካላቸው ክፍል በፎጣ ይሸፈን፣ ደህነኛው እጃቸው የሚደርስበትን ራሳቸው ይጠቡ። ሴት ልጅ አባቷን፣ ወንድ ልጅ እናቱን ማጠብ ግድ ሲሆን የታማሚው እፍረት ከድካሙ ሊብስ ይችላል፤ ዘመድ መርጠው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። የትዳር ጓደኛ ካለ ደግሞ ብቻቸውን የሚሆኑበት ጊዜ ተዉላቸው። ብዙዎች ከባልና ሚስትነት የሚርቁት ስትሮኩ እንዳይደገም ፈርተው ነው፤ የደም ግፊታቸው ከተስተካከለ ሐኪም ጋር በግልጽ ሊነጋገሩበት ይገባል።

አንድ እጅ ሲያቅተው ሰው በሌላው ይለምዳል፤ ደካማው ሳይሞከር ይቀራል፣ አንጎልም ይተወዋል። ይህን ለመስበር ደህነኛውን እጅ በጓንት የሚያስር ሕክምና አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሰዎች ለሁለት ሳምንት ነቅተው ከሚውሉበት ጊዜ እስከ 90 በመቶ ድረስ ደህነኛ እጃቸውን በጓንት አስረው፣ በደካማው በየቀኑ ተለማምደው ጥሩ ለውጥ አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ ግን አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን በተወሰነ ደረጃ መዘርጋት የሚችሉ ነበሩ። ጭራሽ በማይንቀሳቀስ እጅ ላይ ይህን መሞከር ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሲወድቁም የሚይዙበት እጅ ያሳጣቸዋል። ያለ ባለሙያ አትጀምሩት።

ለማይንቀሳቀሰው እጅ መስተዋት ይሻላል። መስተዋቱን በደረታቸው ፊት ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለቱ እጆች መካከል፣ ፊቱን ወደ ደህነኛው እጅ አዙራችሁ አቁሙ፤ ደካማው እጅ ከጀርባው ይደበቅ፣ ደህነኛው ከፊቱ ይሁን። ደህነኛውን ቀስ እያሉ ሲከፍቱና ሲጨብጡ ዓይናቸው መስተዋቱ ላይ ይሁን፤ ደካማው እጅ የተንቀሳቀሰ ይመስላቸዋል። በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ለሳምንታት። ካዞራቸው ወይም ካስለቀሳቸው የዚያን ቀን ይቁም።

ስለ ልቅሶ ካነሣን፣ ሳያዝኑ ድንገት ማልቀስ ወይም ሳይስቁ መሳቅ የአንጎል ጉዳቱ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ረጋ ብላችሁ ወሬ ቀይሩ። እንቅልፍና ምግብ መጥላት፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ግን ሐኪም ይያቸው። ከስትሮክ ከተረፉት ሲሶው ያህል በድባቴ ይያዛል፤ ሕክምናም አለው። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ የግፊት መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ደጋፊ ይዘው ይሁን።

«ከስድስት ወር በኋላ ለውጥ የለም» የሚላችሁን አትስሙ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያዘግማል እንጂ አይዘጋም። ይሁንና ሳምንታት ወይም ወራት ካለፉ በኋላ አንዳንዱ ሰው የደከመው ጎኑ እንደሚያቃጥል፣ ብርድ ልብስ ሲነካው እንኳ እንደሚያመው ይናገራል። ቤተሰብ «የማይሰማ እጅ እንዴት ያማል?» ብሎ ይጠራጠራል። ያማል፤ ሕመሙ የሚነሣው ከአንጎል ነው፣ የተለመደው የሕመም ማስታገሻ ብዙም አያስታግሰውም፣ ሐኪም የሚያዘው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ግን አለ። ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቡ ሕመሙ የት እንደሚጀምር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ፣ ምን ሲነካቸው እንደሚያቃጥል እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ፤ እናንተ የረሱትን ብቻ ጨምሩ።