ሽሉ ከገባ በኋላ ስንት ቀን ይተኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። በሰባት ዓመት ትዳራችን ልጅ ባለማግኘታችን አዲስ አበባ መጥተን አይቪኤፍ የሚባለውን፣ ዕንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ሽሉ ወደ ማኅፀን የሚገባበትን ሕክምና ጀምረናል። ለ11 ቀናት መርፌ ከተወጋሁ በኋላ 14 ዕንቁላሎች ወጥተውልኛል፤ በአምስተኛው ቀን አንድ ሽል ማኅፀኔ ውስጥ ገብቶልኝ ሌሎች ሦስት ደግሞ በቅዝቃዜ እንዲቆዩ ተደርጓል። ይህን ስጽፍ ሽሉ ከገባ አራተኛ ቀኔ ነው። ያረፍኩት አክስቴ ቤት ሲሆን፣ አማቴ በየማለዳው እየደወሉ «እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ፤ ከተነሣሽ ይወርዳል» ስለሚሉኝ ከመጸዳጃ ቤት በቀር ከአልጋ አልወርድም፤ ሳል እንኳ ሲመጣብኝ እየፈራሁ አፍነዋለሁ። ሆዴ ተነፍቶ ቀሚሴ ወገቡ ላይ አልዘጋ ብሏል። ትናንት ከመድኃኒት ቤት የሽንት መመርመሪያ አስገዝቼ ስሞክር ደብዘዝ ያለች ሁለተኛ መስመር አየሁ። ለባለቤቴ ልንገረው ወይስ ልቆይ? ወደ ደሴስ በአውቶቡስ መቼ ልመለስ? ጾሙም እየቀረበ ስለሆነ ምክራችሁን እሻለሁ።
ሀ. ነኝ ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ እህታችን፣ ደብዳቤዎ የመጽሔቱን መውጫ ቀን የሚጠብቅ ስላልነበረ መልሱን በዚያው ዕለት በስልክ ነግረንዎታል። እዚህ የምናትመው በፈቃድዎ፣ ተመሳሳይ ጭንቀት ላለባቸው አንባብያን ስንል ነው። ቀድሞ ለዚህ ሕክምና አቅም ያለው ባሕር ማዶ ይሄድ ነበር፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ ግን እንደ እርስዎ ከክፍለ ሀገር መጥተው ዘመድ ቤት አርፈው የሚታከሙ እየበዙ ነው፤ ዘመድ ባለበት ደግሞ ምክር አይጠፋም።

በመጀመሪያ ከአልጋው ይነሡ። አማትዎን አንወቅሳቸውም፤ ስጋታቸው የመጣው ማኅፀንን አፉን ወደ ታች እንደ ዘቀዘቀ ማሰሮ አድርጎ ከማሰብ ነው። ማኅፀን ግን ባዶ ዕቃ አይደለም፤ የፊትና የኋላ ግድግዳዎቹ እንደ ታጠፈ እንጀራ ተደራርበው የሚኖሩ ሲሆን፣ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ እጅግ የሚያንሰው ሽል የሚቀመጠው በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ነው። በመቆም፣ በማሳል፣ ደረጃ በመውጣትም ሆነ ሽንት በመሽናት አይወርድም። ሽሉ ከገባ በኋላ መተኛት የእርግዝናን ዕድል ከፍ ያደርግ እንደሆነ በጥናት ተፈትሾ ጥቅም አልተገኘበትም። ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው፤ የተወጉት ሆርሞን ደምን ለመርጋት የተጋለጠ ስለሚያደርገው ቀኑን ሙሉ ጋደም ብሎ መዋል በእግር ሥር የደም መርጋትን ሊጋብዝ ይችላል፤ ሆድንም ያደርቃል። በቤት ውስጥ ይንቀሳቀሱ፤ ወጥ ያማስሉ፤ ሰፈር ውስጥ ዝግ ብለው ይራመዱ። መከልከል ያለበት ከባድ ዕቃ ማንሣት፣ ሩጫና ዝላይ ነው፤ ምክንያቱም ሽሉ ይወድቃል ተብሎ ሳይሆን፣ በመርፌው ምክንያት ያበጠው የዕንቁላል እጢ በራሱ ላይ እንዳይጠመዘዝ ነው። ድንገት በአንድ ጎን የሚመጣና እያደር የሚብስ ኃይለኛ የሆድ ሕመም የዚህ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ያስኬዳል።

ሆድዎ ስለ መነፋቱ ግን በስልክም ጠበቅ አድርገን ጠይቀንዎት ነበር፤ ከጻፉልን ሁሉ ያሳሰበን እርሱ ነው። ዕንቁላል ሲወጣ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በቀጭን መርፌ ዕንቁላል የያዘችውን እያንዳንዷን ከረጢት ይቀዳል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ የተቀዱት ከረጢቶች ግን መልሰው ፈሳሽ ስለሚቋጥሩ እጢዎቹ ለሳምንታት አብጠው ይቆያሉ። ለጥቂት ቀናት እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት፣ ትንሽ የደም ጠብታና መጠነኛ የሆድ መነፋት ቢኖር የተለመደ ነው፤ ሕመሙም ፓራሲታሞል በመውሰድ ይታገሣል። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹን ግን ሐኪምዎ ካላዘዘ አይውሰዱ። በአንዳንድ ሴቶች፣ በተለይም ብዙ ዕንቁላል በወጣላቸውና ፒሲኦኤስ (በዕንቁላል እጢ ላይ ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች የሚታዩበት የሆርሞን መዛባት) ባለባቸው ዘንድ፣ ከደም ሥር ፈሳሽ እየሾለከ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ደሙም በዚያው ልክ ይወፍራል። ይህን ከተራው መነፋት ለመለየት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በአንድ ሚዛን ላይ በየቀኑ መመዘን ይበጃል። በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ ከጨመሩ፣ ሽንትዎ ካነሰና ከጠቆረ፣ ትውከቱ ውኃ እንኳ አላስቀምጥ ካለ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም አንድ እግርዎ ለብቻው ካበጠ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ትኩሳት 38 ዲግሪ ሲደርስም እንዲሁ ነው። አንድ ነገር እናክልበት፤ እርግዝናው ከያዘ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን ይህን ችግር ሊያባብሰው ስለሚችል፣ ጎድሎ የነበረ ሆድ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ቢነፋ «ፅንሱ ነው» ተብሎ ዝም አይባልም።

ስለ ሁለተኛዋ መስመር ልብ የሚሰብር ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ዕንቁላሉ ከመውጣቱ 36 ሰዓት ገደማ በፊት በሌሊት በታዘዘ ሰዓት የተወጉት፣ ዕንቁላሉን የሚያበስለው የማብቂያ መርፌ በአብዛኛው የሽንት መመርመሪያው የሚፈልገው ራሱ ኤችሲጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን ነው። ቀኑን እንቁጠር፦ ከመርፌው እስከ ዕንቁላሉ መውጣት አንድ ቀን ተኩል፣ ከዚያ እስከ ሽሉ መግባት አምስት ቀን፣ ከዚያ መስመሯን እስካዩበት እስከ ትናንት ሦስት ቀን፤ በድምሩ ዘጠኝ ቀን ተኩል ነው። መርፌው ከሰውነት ጨርሶ ለመውጣት እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል መስመሯ የመርፌው ትርፍ ልትሆን ትችላለች፤ የእርግዝናም ልትሆን ትችላለች። ጡትዎ ቢወጠርም ማኅፀን ሽሉን እንዲይዝ ከሚወስዱት ፕሮጄስትሮን ከተባለው ሆርሞን ሊመጣ ይችላል። ለባለቤትዎ መንገሩን አንከለክልም፤ አብረው የጀመሩትን አብረው ቢጠብቁት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመስመሯ ጋር ይህንንም ሒሳብ ይንገሯቸው። የሚታመነው በቀጠሮው ቀን የሚሰጡት ደም ነው። እስከዚያ ድረስ ደም ጠብ ቢልም ፕሮጄስትሮኑን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ።

የደሴ መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣል። ጉዞው ሽሉን አይጎዳም፤ ሆድዎ እየጨመረ ሳለ ግን ሕክምና ከሚያገኙበት ቦታ መራቅ የለብዎትም። ስለዚህ ክብደትዎ ሲረጋና ሐኪምዎ ሲፈቅድ፣ መተላለፊያ ዳር ተቀምጠው፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው እየተራመዱ ይሂዱ። ስለ ጾም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ እኛ የምንለው በጤናው በኩል ነው። ሽሮና ምስር በዚህ ወቅት የሚያስከፋ ምግብ አይደለም፤ የሚጎዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መዋሉ ነው። ቡናውን ከአቦል አያሳልፉ፤ ጠላና ማንኛውም መጠጥ ይቅር።

የደም ምርመራው ቀን ይህ ዕትም ከመውጣቱ በፊት አልፏል። ውጤቱን መናገር የእህታችን ፈንታ ስለሆነ እኛ አንናገረውም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ የመጀመሪያው አይቪኤፍ አልያዘም። ዳግም ለመሞከር ስንት ጊዜ እንጠብቅ? እኔስ የማደርገው ነገር አለ?
ባል ነኝ ከአዳማ

መልስ፦ ፕሮጄስትሮኑ ሲቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ የወር አበባ ይመጣል፤ ከወትሮው ሊበረታ ስለሚችል አትደንግጡ። በቅዝቃዜ የተቀመጠ ሽል ካላችሁ የዕንቁላል ማውጫው መርፌና ሰመመኑ አይደገምም፤ ብዙ ሐኪሞች አንድ የወር አበባ ዑደት ካሳለፉ በኋላ ማኅፀኑን ለማዘጋጀት ይጀምራሉ። የባለቤትዎ ልብ ግን ከሰውነቷ ዘግይቶ ሊያገግም ይችላልና ቀኑን እርሷ ትቁረጥ። እርስዎን በተመለከተ፣ የወንድ ዘር ለመመረት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ሲጋራና ጫት የሚያዘወትሩ ከሆነ ዛሬ ቢያቆሙ ለውጡ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ በሚሰጡት ናሙና ላይ ነው። የቀድሞው የዘር ምርመራ ወረቀት ካለዎት ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዘውት ይሂዱ።